ኢንተርኔት በሌለበት ለመሥራት የትኛውን የቨርዥን ኮንትሮል ሥርዓት እንምረጥ?

የኮዬዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረውም የምሠራውም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለወተት ሰብሳቢ ማኅበራት የሚሆን የመዝገብ ሶፍትዌር እንሠራለን። አርሶ አደሩ ጠዋትና ማታ ያመጣውን ወተት በሊትር ይመዘግባል፣ የላክቶሜትሩን (የወተት ጥራት መለኪያውን) ንባብ ይይዛል፣ የክፍያ ቀን ሲደርስ ለእያንዳንዱ ሰው የሚገባውን ያሰላል። አንደኛው ባልደረባዬ ሱሉልታ ነው፤ የመጀመሪያው ደንበኛችን እዚያ ስለሆነ ከመዝጋቢዋ አጠገብ ተቀምጦ ማየት ያለበት ብዙ ነገር አለ። ሁለተኛው ሰበታ ነው። ሦስታችንም የአዲስ አበባን ጫፍ ጫፍ ይዘናል፤ በአካል የምንገናኘው እሑድ ከሰዓት በኋላ መሀል ከተማ ነው።

ኢንተርኔት ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። የሞባይል ዳታ አለን። ነገር ግን እኔ ባለሁበት ብሎክ ቀን ቀን አንድ ገጽ ለመክፈት እንኳ ያታግላል፤ ሱሉልታ ደግሞ መብራት ከሄደ ጥቂት ቆይቶ ኔትወርኩም ይከተለዋል። ስለዚህ ሥራችን «መስመር ሲመጣ» በሚል ተስፋ ላይ እንዲንጠለጠል አልፈልግም። መስመር የሌለበትን ቀን እንደ መደበኛ ቀን ቆጥረን መሥራት ነው የምሻው።

ቨርዥን ኮንትሮል ስል የፋይሎችን ለውጥ ደረጃ በደረጃ መዝግቦ የሚይዝና የብዙ ሰዎችን ሥራ የሚያዋህድ ሶፍትዌር ማለቴ ነው። የሚያስፈልገንን ልዘርዝር። አንድ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ለብቻው ሲሠራ ለውጡን ደረጃ በደረጃ መመዝገብ፣ የትናንቱን ከዛሬው ማነጻጸር፣ ይህን መስመር ማን፣ ለምን እንደቀየረው ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይኖርበታል። እሑድ ስንገናኝ የሦስታችን ሥራ በፍላሽ ተላልፎ መዋሃድ አለበት። በሳምንቱ መካከል አስቸኳይ ማስተካከያ ካለ ሌሊት ዳታው ሲሻል በቴሌግራም የሚላክ ትንሽ ነገር ቢሆን እመርጣለሁ። ያለን ደግሞ ኮድ ብቻ አይደለም። የዋጋ ሠንጠረዡ በኤክሴል ነው፤ የአጠቃቀም መመሪያው በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ የፋይሎቹም ስም አማርኛ ነው። ሁዳዴ ሲገባ የወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ ዋጋው ይቀየራል፤ ያን ሰሞን ሠንጠረዡን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚነካበት አጋጣሚ ይፈጠራል።

ሌላው መዝጋቢዋ የምትነግረን ቅሬታ ነው። «የማታውን ሳስገባ የጠዋቱን ይሸፍንብኛል»፣ «ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት አርሶ አደሮች ሲመጡ ይምታታል» ትላለች። ባልደረባዬ ይህን ሁሉ በደብተር ይጽፋል፤ እኔ ዘንድ የሚደርሰው እሑድ ነው። እነዚህ ማስታወሻዎች ከኮዱ ጋር አብረው ቢጓዙልን ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ ከሚያገለግሉት ሥርዓቶች ስለ ጊት፣ ስለ ሜርኩሪያል፣ ስለ ፎሲልና ስለ ሰብቨርዥን አንብቤያለሁ። አሁን የምፈልገው እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ በእርግጥ የሠራ ሰው የሚሰጠኝን ምክር ነው።

አራብሳ

ጊትን ያዢ እህቴ፣ ብዙ አትድከሚ። ዛሬ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው፤ ነገ አራተኛ ሰው ብትቀጥሪ አዲስ ነገር ማስተማር አይጠበቅብሽም። የጊት ሥራ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ጊትሃብ የተባለ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቱ፣ ቀን በየቤታችሁ ሥሩ፣ ሌሊት ዳታ ሲኖር ፑሽ አድርጉ (ሥራችሁን ወደዚያ ላኩ)። ማስታወሻውንም እዚያው ለችግር መመዝገቢያ በተዘጋጀው ቦታ ላይ ጻፉት።

ገላን ጉራ

የአራብሳው ወንድማችን ጊትን መምከሩ ትክክል ነው። በመንገዱ ላይ ግን እለያለሁ፤ እህታችን የጠየቀችው ሌሊት ዳታ ይኖራል ብሎ ስለማይተማመን ሥራ ነው።

እኔ ሲቪኤስ በተባለው የቀድሞ ሥርዓት ጀምሬ በሰብቨርዥን ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። አሁን ገላን ጉራ ሆኜ ለጋራዦችና ለመለዋወጫ መደብሮች የዕቃ መዝገብ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ቃሊቲና ዱከም ናቸው፤ ሥራዬ የሚመላለሰው በኪሴ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ሰብቨርዥንን ከዝርዝርሽ አውጪው። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብሽ፤ ብዙ ሰው «አርጅቷል» ብሎ ብቻ ያልፈዋልና። ሰብቨርዥን 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር። ታሪኩ የሚቀመጠው ግን ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው። አንቺ ጋ የሚኖረው የምትሠሪበት ቅጂና ለመጨረሻ ጊዜ ያወረድሽው ያልተነካ ግልባጭ ነው። በዚያ ግልባጭ አማካይነት ምን እንደቀየርሽ ማየትና ለውጡን መመለስ ያለ መስመር ይቻላል። ኮሚት ማድረግ (ለውጡን ታሪኩ ውስጥ መመዝገብ) እና የቆየውን ታሪክ ማንበብ ግን ሰርቨሩን ይጠይቃሉ። ስለዚህ የሱሉልታው ልጅ ሳምንቱን ሙሉ የሠራው ሁሉ አንድ ላይ ተከምሮ እንደ አንድ ለውጥ ይገባል። ከወር በኋላ የክፍያ ስሌቱ ሲዛባ ስህተቱ ከዚያ ክምር ውስጥ የቱ ጋ እንዳለ መለየት ጭንቅ ነው። መስመር የሌለው ሰው በሰብቨርዥን የሚያጣው ይህንን ነው፤ ትንንሽ እርምጃዎቹን።

ጊትና ሜርኩሪያል ሁለቱም የተጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን መነሻቸውም አንድ ነው። የሊነክስ ከርነል ሠሪዎች ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ሶፍትዌር ለእነርሱ በነጻ መሰጠቱ ሲቀር ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን ጻፈ፤ በዚያው ሰሞን ሜርኩሪያልም ወጣ። በሁለቱም ታሪኩ በሙሉ በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ኮሚቱ፣ ብራንቹ (ለብቻ የሚካሄደው የሥራ ቅርንጫፍ)፣ ማነጻጸሩ፣ ማዋሃዱ ሁሉ አንቺው ላፕቶፕ ላይ ያልቃል። ሜርኩሪያል ትእዛዞቹ ገር ናቸው፤ እኔ እወደዋለሁ። ነገር ግን እንደ ጊትሃብ ያለው ቢትባኬት የተባለ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሜርኩሪያል የሚሰጠውን ድጋፍ ካቋረጠ ወዲህ ተጠቃሚው እየሳሳ ሄዷል። ሲቸግርሽ የምትጠይቂው ሰው አጠገብሽ መኖሩ ዋጋ አለው። ኢንተርኔት በሌለበት ደግሞ ዋጋው ይበልጣል፤ መልሱን የምትፈልጊው ከጎረቤት ነውና። ጊትን የምመርጥልሽ ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እነዚህን አይለያቸውም፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ዋናው ጥያቄ ሥራው ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው በምን ይሄዳል፣ በመንገድ ላይ ቢበላሽስ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። ምርጫሽን ከዚህ ብትጀምሪ ሌላው ይቀልልሻል።

የእሑዱን ልንገርሽ። ፍላሹ ላይ የሥራ ፎልደራችሁን አትገልብጡ። «ቤር» የሚባለውን ዓይነት ሪፖዚቶሪ (የሥራው ታሪክ የሚቀመጥበት ማኅደር) ፍጠሩበት፤ ይህ ታሪኩን ብቻ የያዘ፣ ሰው ከፍቶ የሚያርመው ፋይል የሌለበት ነው። ከዚያ ፍላሹን እንደ ሰርቨር አድራሻ ለጊት ስጡት፤ ፑሽም ፑልም (መላኩም ማምጣቱም) ከእሱ ጋር ነው። ጊት ለኢንተርኔትና ለፍላሽ የተለያየ ትእዛዝ የለውም፤ የሚለየው አድራሻው ብቻ ነው። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ ፍላሹ በአንዱ ላፕቶፕ ዲ፣ በሌላው ኢ ተብሎ ሊመጣ ስለሚችል አድራሻውን እያንዳንዳችሁ በየማሽናችሁ መዝግቡ። የዚህ ትልቁ ጥቅም ፍላሹ ላይ አንቺ ያልያዝሽው ሥራ ካለ ጊት ፑሽሽን አለመቀበሉ ነው፤ መጀመሪያ አምጥተሽ አዋህጂ ይልሻል። ፎልደር መገልበጥ ግን ማንንም ሳይጠይቅ የሌላውን ሰው ሥራ ይሸፍናል።

ለሳምንቱ መካከል ደግሞ «ባንድል» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ብዙ ጊት አዋቂ እንኳ አይጠቀምበትም፣ ለእኛ ለዳር አገር ሰዎች ግን እንደ ተሠራልን ነው። ከዚህ ኮሚት እስከዚያ ኮሚት ያለውን ለውጥ አንድ ፋይል ውስጥ ጠቅልሎ ይሰጥሻል። ተቀባዩ ያንን ፋይል እንደ ሪፖዚቶሪ ቆጥሮ ፑል ያደርግበታል። ለውጡ የጽሑፍና የኮድ ብቻ ከሆነ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ከተነሳ ፎቶግራፍ ያንሳል፤ በቴሌግራም እንደ ፋይል አያይዘሽ ትልኪዋለሽ። እሑድ ካዋሃዳችሁ በኋላ ሦስታችሁም የያዛችሁት አንድ ዓይነት ስለሚሆን እዚያ ላይ ታግ አድርጉ (ለዚያ ኮሚት የስም ምልክት ስጡት)። በሳምንቱ የምትልኩት ባንድል ሁሉ «ከእሑዱ ታግ ወዲህ» ይሁን። እንዲህ ካደረጋችሁ ከማንኛችሁም የመጣ ባንድል በማንኛችሁም ማሽን ይከፈታል። ተቀባዩ ሳይቀላቅለው በፊት «ቬሪፋይ» በሚለው ትእዛዝ ያጣራው፤ ባንድሉ የሚነሳበት ኮሚት ተቀባዩ ዘንድ ከሌለ ይነግረዋል። የማክሰኞው ጠፍቶ የሐሙሱ ቢደርስም ችግር የለም፤ የሐሙሱም ከእሑዱ ታግ ስለሚጀምር የማክሰኞውን ይዞት ይመጣል።

ስለ አማርኛ ፋይል ስም መጠየቅሽን ወደድሁት፤ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገር ነውና። ጊት እንደ ተጫነ የአማርኛ ስም ያለውን ፋይል ሲዘረዝር ፊደሉን በቁጥር ይተካዋል። ለምሳሌ «ሀ» የሚለው ፊደል 341፣ 210፣ 200 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች በወደ ኋላ የተጋደመ ሰረዝ ተለያይተው ይወጣል። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አመዘጋገብ ሦስት ባይት ስለሚይዝ ነው። «የዋጋ ሠንጠረዥ» የሚል ፋይል ካለሽ ስክሪኑ በቁጥር ይሞላል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም። «ኮር ኮትፓዝ» የሚለውን ቅንብር «ፎልስ» አድርጊው፤ ስሙ በፊደሉ ይወጣል።

መመሪያውን ስትጽፉ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ይሁን፤ አራት ነጥብ ባለ ቁጥር መስመር ዝለሉ። ጊት የሚያነጻጽረው መስመርን ከመስመር ነው። አንቀጹ ሙሉ በአንድ መስመር ከተጻፈ አንድ ቃል ስትቀይሪ አንቀጹ በሙሉ እንደ ተለወጠ ያሳይሻል፤ ሁለት ሰው አንድ አንቀጽ ውስጥ የተለያየ ዓረፍተ ነገር ቢያርም ደግሞ ይጋጫል።

ዓለም ገና

የገላን ጉራው ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ባንድል ስለሚባለው የጻፉትን ማንም ሊያስቀምጠው ይገባል። ነገር ግን ጠያቂዋ መጨረሻ ላይ ያነሳችው የቅሬታ ማስታወሻ ጉዳይ ሳይመለስ ቀርቷል፤ እኔ ደግሞ ልቤን የነካኝ እሱ ነው። ጊት ታሪኩን ለሁሉም ያከፋፍላል፤ ስለ ሥራው የተባባልነው ግን ድረ ገጹ ላይ ይቀራል። ኮዱ እጅሽ ላይ ሆኖ ያ ኮድ ለምን እንዲያ እንደሆነ የሚነግርሽ ጽሑፍ መስመር የሚጠይቅ ከሆነ ሥራሽ ግማሹ ብቻ ነው ያለሽ።

ፎሲልን በደንብ እይው። የሠራው ሪቻርድ ሂፕ ነው፣ ኤስኪውላይት የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ሠሪ፤ የኤስኪውላይት ኮድ ራሱ የሚተዳደረው በፎሲል ነው። ፕሮግራሙ አንድ ፋይል ነው፤ መጫን አያስፈልገውም፣ ከፍላሽ ላይ ገልብጠሽ ማስነሳት ትችያለሽ። ሪፖዚቶሪውም አንድ ፋይል ነው፤ ውስጡ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ነው። በዚያ በአንዱ ፋይል ውስጥ የኮዱ ታሪክ፣ የችግር መዝገቡ፣ ዊኪው (የጋራ የማስታወሻ ገጹ) ሁሉ አለ። አንድ ትእዛዝ ስትሰጪው በራስሽ ላፕቶፕ ላይ ብራውዘር ተከፍቶ ሁሉንም በገጽ መልክ ያሳይሻል፤ ኢንተርኔት አይነካም። የሱሉልታው ባልደረባሽ መዝጋቢዋ ያለችውን እዚያው ቲኬት (በችግር መዝገቡ ላይ የሚሰፍር ማስታወሻ) አድርጎ ይጽፋል፤ እሑድ ፍላሹ ላይ ካለው ፋይል ጋር ሲንክ ስታደርጉ (ስታመሳስሉ) ኮዱም ቲኬቱም አብሮ ይመጣል።

መብራትን በተመለከተም ልጨምር። ኤስኪውላይት የጀመረውን መጻፍ ወይ ይጨርሳል ወይ እንዳልተጀመረ ያደርገዋል። ኮሚት መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ሪፖዚቶሪው የሚገኘው በቀድሞው ሁኔታ ላይ ነው። እኔ ዓለም ገና የአንድ ትምህርት ቤት የውጤት መዝገብ የምሠራው ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ስለሆነ ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ አስተካክዪ። ፎሲል ከሰርቨር ጋር የተያያዘ ከሆነ ኮሚት ባደረግሽ ቁጥር ሲንክ ሊያደርግ ይሞክራል፤ መስመር ሲያጣ «ሲንኩ አልተሳካም፣ ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቅሻል። «ኦቶሲንክ» የሚለውን ብታጠፊው ያርፋል።

ገላን ጉራ

የዓለም ገናው ወዳጄ፣ እውነትህን ነው፤ ያንን ማንሳት ነበረበት ሰው። ፎሲል ጥሩ እጅ የወጣበት ሥራ ነው፤ ለብቻው ለሚሠራ ወይም ለማይለዋወጥ ቡድን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ እህታችን ሥራውን ለማኅበሩ የምታስረክብበት ቀን ነው። ከእሷ በኋላ ያንን ኮድ የሚረከበው ልጅ ጊትን ያውቅ ይሆናል፤ ፎሲልን የማወቁ ዕድል ግን ጠባብ ነው። ታሪኩን ከፎሲል ወደ ጊት ማውጣት ይቻላል፤ ቲኬቶቹ ግን አብረው አይወጡም። አርሶ አደሮች ገንዘባቸውን የሚቆጥሩበት ሶፍትዌር ከሆነ ነገ ማንም አንስቶ ሊቀጥልበት የሚችል መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ለማስታወሻው በጊትም መላ አለ። እዚያው ሪፖዚቶሪ ውስጥ «ቅሬታ» የሚል ፎልደር ይኑር፤ እያንዳንዱ ቅሬታ ደግሞ የየራሱ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይኑረው፣ ስሙም ቀኑና የጻፈው ሰው ይሁን። ሁሉንም በአንድ ረጅም ፋይል ከጻፋችሁት ሦስታችሁም መጨረሻው ላይ ስለምትጨምሩ በየሳምንቱ ይጋጫል። ለየብቻ ከሆነ አይነካካም። ሲፈታ ፋይሉን «የተፈታ» ወደሚል ፎልደር አዛውሩት፤ ያዛወረው ኮሚት የፈታውን ኮድ አብሮ ይይዛል። ከዓመት በኋላ ቅሬታውንና መልሱን አንድ ላይ ታገኙታላችሁ።

የኮዬዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባልደረቦቼ አሳይቻቸው ተነጋግረንበታል። የማስረከቡ ነገር አሳማኝ ስለሆነብን ወደ ጊት አዘንብለናል፤ የዓለም ገናው ወንድሜ ስለ ማስታወሻው የጻፈው ባይኖር ግን ጉዳዩን በዚህ ልክ ባላሰብንበት ነበር።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ፍላሹን ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ጊት «የዚህ ፎልደር ባለቤትነት አጠራጣሪ ነው» የሚል መልእክት አውጥቶ ሊከፍተው እምቢ አለ። ሁለተኛው የመብራቱ ነገር ነው። የሰበታው ባልደረባዬም ባትሪው ደካማ ነው፤ ጊት መሀል ላይ መብራት ሲሄድበት ምን ይሆናል? ጋሼ፣ ስለ ኤክሴሉም ቢነግሩኝ።

ገላን ጉራ

የመጀመሪያው የፍላሹ ፎርማት ጣጣ ነው። ፋት 32 እና ኤክስፋት የፋይሉ ባለቤት ማን እንደሆነ አይመዘግቡም። ጊት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ባለቤቱን ያላረጋገጠውን ሪፖዚቶሪ አይከፍትም፤ ሌላ ሰው ያስቀመጠው ሪፖዚቶሪ ውስጥ ባለ ቅንብር አማካይነት አንቺ ሳታውቂ ትእዛዝ ሊያስኬድብሽ ስለሚችል ነው። መፍትሔው «ሴፍ ዳይሬክተሪ» በሚለው ቅንብር የዚያን ፎልደር አድራሻ ለይቶ መስጠት ነው። አንዳንዱ ሰው ኮከብ ምልክት አስገብቶ ሁሉንም ፍቀድ ይላል፤ አትስሚው። በየኢንተርኔት ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ የሚሰካ ፍላሽ ነው የያዝነው።

መብራቱን በተመለከተ ዓለም ገና ያለው ስጋት እውነተኛ ነው። ጊት ኮሚቱን ጽፌያለሁ ሲል ዊንዶውሱ ወይም ሊነክሱ ገና ወደ ዲስኩ ላያወርደው ይችላል። በዚያች ቅጽበት መብራት ከሄደ ፋይሉ ስሙ ይኖራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ይሆናል። ከጊት 2.36 ወዲህ «ኮር ኤፍሲንክ» የሚባል ቅንብር አለ፤ «ኦል» ብላችሁ ሙሉት። ኮሚቱ በትንሹ ይዘገያል፤ ዲስኩ ላይ መውረዱ ሳይረጋገጥ ግን አይጨርስም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ «ኤፍኤስሲኬ» የሚለውን ትእዛዝ አስኪዱ። ጊት የያዘውን ነገር ሁሉ ከይዘቱ በተሰላ መለያ ስለሚጠራው እንደገና አስልቶ የተበላሸውን ለይቶ ያወጣዋል። የተበላሸው ከእሑድ በፊት የነበረ ከሆነ ፍላሹ ላይም በባልደረቦችሽ ላፕቶፕም አለ፤ ከዚያ ይመለሳል። ፍላሹ ላይም ይህንኑ ማጣሪያ አስኪዱበት፤ ገበያ ላይ 64 ጊጋባይት ተጽፎበት ውስጡ ከዚያ በጣም ያነሰ ፍላሽ ስላለ፣ ሲጻፍበት ምንም ሳይል ተቀብሎ ሲነበብ የሚያጣው ዓይነት ነው። የሚቻላችሁ ከሆነ በሁለት ፍላሽ አድርጉት።

ኤክሴሉን ጊት ያስቀምጥላችኋል፣ ሊያዋህደው ግን አይችልም፤ ሁለት ሰው ከነካው አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ይሆናል። ዋጋውን ሲኤስቪ ወደሚባለው ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ አውጡት። ከኤክሴል ስታስቀምጡ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ምረጡ፤ ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ አማርኛው በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ከዚያ እያንዳንዱ የዋጋ ረድፍ አንድ መስመር ነው፤ አንዱ የሱሉልታን ሌላው የሰበታን ዋጋ ቢቀይር ጊት ራሱ ያዋህደዋል። የተነካኩት ረድፎች ጎን ለጎን ከሆኑ ግን ግጭት ብሎ ያቆማችኋል። ያኔ ጥሩ ነው፤ ስለ ገንዘብ ስለሆነ ሰው አይቶ መወሰን አለበት።

አንድ ያልጠየቅሽውን ልጨምር፤ የሦስታችሁን ላፕቶፕ ሰዓት ተመልከቱ። መስመር የሌለው ማሽን ሰዓቱን ራሱ አያስተካክልም። በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትን 2 ብሎ ያስቀመጠ ሰው ኮሚቱ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመዘገብበታል። ጊት ቅደም ተከተሉን የሚይዘው እያንዳንዱ ኮሚት የወላጁን መለያ በመያዙ ስለሆነ ሥራው አይበላሽም። ታሪኩን የሚያነብ ሰው ግን ማን ቀድሞ ምን እንዳደረገ ይምታታበታል፤ በግራፍ መልክ እንዲያሳይ ብታዙት ይስተካከላል።

የኮዬዋ

የፍላሹ ተከፈተልኝ፣ የፋይሎቹም ስም በአማርኛ ወጣ። የሱሉልታው ባልደረባዬ ከደብተሩ ላይ ቅሬታዎቹን እየገለበጠ ነው። እሑድ ስንገናኝ የመጀመሪያውን ማዋሃድ ማን ይጀምር? ሦስታችንም አንድ ላይ ብንሰካ የሚሻል ይመስላችኋል?

ገላን ጉራ

አንድ በአንድ። ብዙ ለውጥ የያዘው ሰው ይጀምር፤ ፑሽ ያድርግና ፍላሹን በሥርዓቱ ያስወጣው። ሁለተኛው ከፍላሹ አምጥቶ በራሱ ላፕቶፕ ያዋህድ፣ ፕሮግራሙን አስነስቶ አንድ የወተት ምዝገባና አንድ ክፍያ ይሞክር፣ ከዚያ ፑሽ ያድርግ። ሦስተኛውም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ፍላሹ ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ተመልሶ ይዙር፤ ሦስቱም ላፕቶፕ ላይ የመጨረሻው ኮሚት መለያ አንድ መሆኑን ዓይናችሁ ካየ በኋላ ታግ አድርጉ። ግጭት ከወጣ ኮዱን የጻፉት ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይፍቱት፤ እሑድን ለዚህ ነው የምትገናኙት።

ዓለም ገና

ታጉ ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉት፤ ማኅበሩ የሚከፍለው በዚያው ነውና ክፍያ ሲጠየቅ የትኛው ቅጂ እንዳሰላው ወዲያው ታገኙታላችሁ። እኔም የባንድሉን ዘዴ ለትምህርት ቤቱ ሥራ ልሞክረው ነው፤ ፎሲልም ተመሳሳይ ባንድል አለው።